ጣውላው የሚጣመመው ገና ዛፉ ቆሞ ሳለ ነው

(በደብረ ብርሃን ለገበሬዎች፣ ለአናጢዎችና ለደን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ቀረብ በሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸውን ቁራጮች ሳታዩ ብትመለሱ የምናገረው ግማሹ ይባክናል። አባቶችና እናቶች ወንበር ያግኙ፤ ተማሪዎች ግድግዳው ይበቃችኋል።

ችግኝ ትከሉ ብሎ የሚመክር ሰው አላጣንም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እንሰማዋለን። ዛሬ የማወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ የተተከለው ዛፍ ምን ዓይነት እንጨት ሆኖ ይወጣል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አናጢዎችም ገበሬዎችም አላችሁ። ገበያ ላይ ስትገናኙ የምትነጋገሩት ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ከተለያያችሁ በኋላ ግን አናጢው "ባሕር ዛፍ ደግሞ እንጨት ነው? ሲፈልገው ይሰነጠቃል፣ ሲፈልገው ይጎብጣል" እያለ ያማል፤ ገበሬው ደግሞ "እኔ ምን ላድርግ፣ እግዜር እንዳበቀለው ነው" ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ጥፋቱ የዛፉ ዓይነት አይደለም፤ የእግዜርም አይደለም። ጣውላው አናጢው ቤት ሲደርስ ቢጣመምም፣ እንዲጣመም ሆኖ የተሠራው ከዓመታት በፊት፣ በአተካከሉና በአያያዙ ነው።

ዛፍ እንዴት እንደሚያድግ ካልተግባባን ሌላው አይገባንም። ዛፍ የሚረዝመው በጫፎቹ ብቻ ነው። የሚወፍረው ደግሞ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ባለች ስስ ሕያው ሽፋን ነው፤ ካምቢየም ትባላለች። ካምቢየም ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ቅርፊት እየሠራች ትሄዳለች። አንዴ የተሠራ እንጨት ከቦታው አይነቃነቅም፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል እንጂ። ስለዚህ ዛሬ በደረታችሁ ቁመት ላይ የመታችሁት ምስማር ዛፉ 30 ሜትር ቢረዝም እንኳ እዚያው ደረታችሁ ጋ ነው የሚገኘው። ልዩነቱ እንጨቱ ይውጠዋል።

ይህን ቁራጭ እዩት። በባሶና ወራና በየመንገዱ ዳር እንደምታዩት፣ ገበሬው ምሰሶ ላለማውጣት የሽቦ አጥሩን በቆመ ባሕር ዛፍ ላይ ይመታል። ይህ ግንድ እንደዚያ ነበር። ከውጭ ምንም የለውም፤ ቅርፊቱ ላይ ትንሽ እብጠት ብቻ። ሲሰነጠቅ ግን ምስማሩ መሃል አካባቢ ተቀብሮ ተገኘ፤ የመጋዙን ጥርስ በልቶ ማለት ነው። ከምስማሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሄደውን ይህን ጥቁር ሰማያዊ መስመር አያችሁ? ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው፣ ታኒን ከሚባለው መራራ ነገር ጋር ሲገናኝ የወለደው ቀለም ነው። በመላጊያ ብትልጉት ከሥሩ ሌላ ጥቁር ይወጣል። ብዙ የመሰንጠቂያ ባለቤቶች የአጥር ዳር ግንዲላ የማይቀበሉት ለዚህ ነው፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የግንዱ መሃል እምብርት አለው። በዛፉ የመጀመሪያ ዓመታት በእምብርቱ ዙሪያ የሚሠራው እንጨት ለጋ ነው። እንደ ዛፉ ዓይነት ከ5 እስከ 20 ዓመት ድረስ ዛፉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንጨት የተሠራው ጭረት ከምንላቸው፣ በግንዱ ርዝመት ከተደረደሩ ቀጫጭን ሕዋሶች ነው። የለጋ እንጨት ጭረቶች አጫጭር ናቸው፤ ግድግዳቸውም ስስ ነው። በእያንዳንዱ ጭረት ግድግዳ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ ጭረቱን እየዞሩ የሚወጡ ጥቃቅን ክሮች አሉ። በበሰለ እንጨት ክሮቹ ቀጥ ለማለት የቀረቡ ናቸው፤ ዘንበል የሚሉት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው። እምብርቱ አጠገብ ግን 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይዘማሉ።

ይህ ለአናጢ ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። በወርዱ ብዙ፣ በርዝመቱ ግን እጅግ ትንሽ። የበሰለ እንጨት በርዝመቱ የሚያጥረው 0.1 ወይም 0.2 በመቶ ያህል ነው፤ 4 ሜትር ጣውላ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ያጥራል ማለት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ለጋ እንጨት ግን ክሮቹ ስለዘመሙ በርዝመቱም ያጥራል፤ እስከ 2 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አሁን አንድ ጣውላ አስቡ፤ አንዱ ጠርዙ ከእምብርቱ አጠገብ፣ ሌላው ጠርዝ ከውጭው የበሰለ እንጨት የወጣ። ሲደርቅ አንዱ ጠርዝ ይሰበሰባል፣ ሌላው ባለበት ይቆማል። ጣውላው መጉበጥ እንጂ ሌላ ምን ምርጫ አለው? በር ሠርታችሁ ያስረከባችሁ አናጢዎች፣ ከሦስት ወር በኋላ በሩ አልዘጋ ብሎ ደንበኛው የተጣላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋታችሁ ይህ ነው፤ ማለትም ጥፋታችሁ አይደለም።

የኛ ባሕር ዛፍ ደግሞ አብዛኛው የሚቆረጠው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ግንዱ ከእምብርት እስከ ቅርፊት ሁለንተናው ለጋ ነው። ለአጣና፣ ለማገር፣ ለወራጅ፣ ለቋሚ ምንም አይልም፤ ክቡን እንደ ቆመ ነው የምንጠቀምበት፤ ስለዚህ ሲያጥርም ዙሪያውን እኩል ያጥራል። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ግንድ ሰንጥቀን ጣውላና ሞራሌ እናውጣ ስንል ነው።

ታሪኩንም ብናይ ያስኬዳል። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ሲያወርዱ ዙሪያው ተመንጥሮ ማገዶም የቤት እንጨትም ራቀ። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ለዚህ ነበር፤ ለሚነድና ለሚቆም እንጨት። እስከ ዛሬ የምናበቅለው በዚያው ዓላማ ነው። የምንጠይቀው ግን ቁም ሣጥን ነው።

አተካከሉን እንመልከት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ከተተከለ በሄክታር 40,000 ችግኝ ይገባል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር 10,000። ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን 1,600፤ ሦስት ሜትር ቢሆን 1,111። አጣና ለሚፈልግ ሰው ጥቅጥቅ ማድረግ ሞኝነት አይደለም፤ ልክ ነው። ዛፎቹ ብርሃን ፍለጋ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የታች ቅርንጫፎቻቸው ጥላ ስለሚመታቸው ገና ቀጭን ሳሉ ደርቀው ይረግፋሉ። ግን አይወፍሩም። 12 ሜትር ረዝሞ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የወፈረ ዛፍ ቁመቱ ከውፍረቱ 120 እጥፍ ነው፤ ብቻውን መቆም አይችልም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው ደግፈው የያዙት። እንዲህ ያለውን ሰፈር ከዓመታት በኋላ "ቆይ ላሳሳው" ብላችሁ በአንድ ጊዜ ግማሹን ብትቆርጡ፣ በተለይ ከጣርማ በር ወዲህ በኛ ነፋስ፣ የቀረው ይተኛል። ያልተኛውም ድንገት ብርሃን ሲያገኝ ከግንዱ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ጉጥ ያልነበረው ግንድ እንደገና ጉጥ ይጀምራል። ማሳሳት የሚጠቅመው ቅጠሎቹ እርስ በርስ መነካካት ሲጀምሩ፣ በጊዜና በጥቂት በጥቂቱ ሲሆን ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ጠማማው፣ ባላ የሆነውና የታመመው መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ ሲደረግ የማየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገዢ ሲመጣ ቀጥ ያለውና ወፍራሙ ተመርጦ ይሸጣል፣ ጠማማው ለዘር ይቀራል። በኋላም ዘር የሚለቀመው ከዚያው፣ እጅ ከሚደርስበት አጭርና ቅርንጫፋም ዛፍ ነው። የግንድ ቀጥ ማለት፣ የእንጨት ክብደትና የጭረት መጠምዘዝ በዘር የሚተላለፉ ናቸው። ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ፣ ተራርቀው ከቆሙና መልካቸው ካማረ ዛፎች ዘር መልቀም የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ድካም ብቻ።

አናጢው "ይሰነጠቃል" ያለውን ደግሞ እንየው። ይህ ከመድረቅ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ገና እርጥብ ሳለ፣ መጋዙ ከውስጡ ሳይወጣ ሲሰነጠቅ አይታችኋል። ምክንያቱ የዕድገት ውጥረት ነው። እያንዳንዱ አዲስ የእንጨት ድርብ ሲበስል በርዝመቱ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው የቆየው እንጨት ግን ይይዘዋል። በዚህ የተነሳ ውጪው ከበሮ በጠፍር እንደሚወጠር ይወጠራል፣ መሃሉ ደግሞ ይጨመቃል። ለዛፉ ይህ ጥቅም ነው፤ ነፋስ ሲያጎብጠው በሚጨመቀው ጎኑ እንዳይሰበር ያደርገዋል። ስትቆርጡት ግን ውጥረቱ ይፈታል፤ መሃሉ መርዘም፣ ውጪው ማጠር ይፈልጋሉ። ጫፉ ከእምብርቱ ተነስቶ በኮከብ ቅርጽ ይተረተራል። ይህን ዲስክ እዩ፤ የቆረጥኩት ዕለት ስንጥቁ ፀጉር አያስገባም ነበር፤ አሁን ጣት ሊያስገባ ምንም አልቀረው።

ቀጭን ግንድ ላይ ውጥረቱ በጠባብ ቦታ ከመወጠር ወደ መጨመቅ ስለሚለወጥ ጉዳቱ ይከፋል። ወፍራም ግንድ ላይ ለውጡ ቀስ ያለ ነው። ስለዚህ ለጣውላ የመጀመሪያው መድኃኒት ዛፉ እንዲወፍር ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። ለተቆረጠውም መላ አለው፦ ግንዲላውን ረጅሙን እንደ ሆነ ወደ መሰንጠቂያው መውሰድና በመጨረሻ ማሳጠር፤ ጫፉን ወዲያው በቀለም ወይም በሰም መሸፈን፤ ጥላ ውስጥ፣ ቢቻል እርጥብ አድርጎ ማቆየት፤ በቀናት ውስጥ መሰንጠቅ። ሲሰነጠቅም ከአንድ ጎን ብቻ እየገፉ አለመሄድ፤ ከአንዱ ጎን አንድ ጣውላ ከወጣ ግንዲላውን አዙሮ ከተቃራኒው ጎን ማውጣት፤ እምብርቱን መሃል ላይ ለይቶ መተው። አንዳንድ መሰንጠቂያዎች ጫፉ ላይ የብረት ቁራጭ ይመታሉ፤ ስንጥቁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ቶሎ ያደገ እንጨት ሁሉ ደካማ ነው የሚል ወሬ አለ፤ በተለይ አዛውንቶች ይህን ይወዱታል። ከፊሉ እውነት ነው። የፈረንጅ ጥድን ውሰዱ፤ ከሜክሲኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ የመጣው ማለቴ ነው። እርጥበት ያለው፣ አፈሩ ጥልቅ የሆነ ቦታ ላይ ተራርቆ ሲተከል የዕድገት ቀለበቱ ይሰፋል፣ እንጨቱም ይቀላል። በቅርንጫፍም ይሞላል። ስለዚህ ለጥድ መጀመሪያ ጠበቅ አድርጎ ተክሎ ቀስ በቀስ ማሳሳት ይሻላል። በባሕር ዛፍ ላይ ግን በፍጥነትና በክብደት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ ነው፤ ጥራቱን የሚወስነው ከፍጥነቱ ይልቅ ዕድሜው ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ያለው ኦክ ደግሞ ጭራሽ በፍጥነት ሲያድግ ነው የሚከብደው። ስለዚህ "ቀስ ያለ ጠንካራ ነው" ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ የትኛው ዛፍ፣ በስንት ዓመቱ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሰሜን ሸዋ ተዳፋት አገር ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ወርዳችሁ የምታዩት ጫካ ሁሉ ግንዱ ከሥሩ ጎበጥ ብሎ ነው የሚነሳው። የዘመመ ዛፍ ራሱን ለማቃናት ለየት ያለ እንጨት ይሠራል። ጥድ በታችኛው ጎኑ ይሠራዋል፤ ጠቆር ያለ፣ ከባድ፣ ነገር ግን እንደ ክብደቱ የማያስተማምን፣ ሲሰበር ድንገት የሚሰበር እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛና ሌሎቹ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ደግሞ በላይኛው ጎናቸው ይሠሩታል፤ ሲላግ ፀጉራም ይሆናል፣ መጋዝ ያንቃል። ሁለቱም በርዝመታቸው ከልክ በላይ ያጥራሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የግንዱን ጫፍ ስታዩት እምብርቱ መሃል ላይ ካልሆነ፣ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ፣ ዛፉ ዘሞ ነው ያደገው። ለተሸካሚ ነገር አትግዙት። ለማገዶ ግን ምን ገዶት።

ጉጥ ወደሚባለው ልምጣ። ጉጥ ግንዱ ውጦ ያስቀረው የቅርንጫፍ ሥር ነው። ቅርንጫፉ ሕያው ሳለ ከተዋጠ ጭረቱ ከግንዱ ጋር ተሰፍቶ ይቀራል፤ ጣውላ ላይ ያምርም ይሆናል። ደርቆ ቆይቶ ከተዋጠ ግን ከግንዱ ጋር አልተያያዘም፤ ጣውላው ሲደርቅ ጉጡ ወልቆ ይወድቃል፣ ቀዳዳው ይቀራል። መመልመል ያስፈለገው ለዚህ ነው። የሚጠቅመውም ቅርንጫፉ ቀጭን ሳለ፣ ግንዱም እዚያ ቦታ ላይ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ከተደረገ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረበው እንጨት በሙሉ ንጹሕ ይሆናል። የበጋው ወቅት ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሲሶ በላይ አይወሰድ፤ ዛፉ የሚሠራው በቅጠሉ ነውና። በመጋዝ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የተገናኘበትን ያበጠውን አንገት ሳይነኩ ነው የሚቆረጠው። በመጥረቢያ መግመስ ግን ከነጭራሹ አለመመልመል ይሻለዋል፤ የተረፈው ጉማጅ ለፈንገስ በር ይከፍታል፣ የቆሰለውም ባሕር ዛፍ ቀይ ሙጫ እያወጣ እንጨቱን ያበላሻል። "ቅርንጫፉ ራሱ ይረግፍ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል፤ ጥቅጥቅ ባለ ሰፈር ይረግፋል፤ ተራርቆ የተተከለው ላይ ግን ወፍሮ ነው የሚደርቀው፤ ወፍራም የደረቀ ቅርንጫፍ ደግሞ ብስባሽን ይዞ ነው ወደ ግንዱ የሚገባው።

ደብረ ብርሃን አካባቢ ሌላም ችግር አለብን፤ ውርጭ። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲከፋ የለጋውን ዛፍ ጫፍ ይገድለዋል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ከሞተው ጫፍ በታች ሁለት ቡቃያ ይወጣል፣ ሁለቱም ወደ ላይ ይሮጣሉ፣ ዛፉ ባላ ሆኖ ይቀራል። ባላ ላይ ቅርፊት መሃል ተጣብቆ ይቀራል፤ እዚያ ጋ ጣውላ አይወጣም። ቡቃያዎቹ የጣት ያህል ሳሉ አንዱን በመቀስ ማንሳት ይበቃል። ከዓመታት በኋላ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

አሁን ይህን ቋሚ ልያዘው፤ ለዛሬ ያመጣሁት ከሁሉም የምወደው ነው። የሐበሻ ጥድ ነው፤ የአጥር ቋሚ ነበር። መሬት ውስጥ የነበረውን ጫፍ እዩ። ዙሪያውን የነበረው ነጩ እንጨት ተበልቶ አልቋል፤ በጣቴ ሳሻሸው እንደ ትንባሆ ይፈረፈራል። ቀዩ ልብ ግን ይኸው፤ ጥፍሬ አይገባበትም፤ ቢላዋ ብታስነኩት ሽታው ገና ዛሬም አለ። ነጩ እንጨት ዛፉ ውሃ የሚያሳልፍበት ሕያው ክፍል ነው፤ ስኳርና ስታርች አለበት፤ ለነቀዝም ለፈንገስም ምግብ ነው። ዛፉ ሲያረጅ ውስጠኛው ክፍል ይሞታል፤ ከመሞቱ በፊት ግን ዘይትና መራራ ነገር ይሞላበታል፤ ልብ የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥድ ምስጥ አይነካውም የሚባለው ለልቡ ነው። ገና ልብ ያልሠራ ቀጭን ጥድ ቆርጦ ቋሚ ማድረግ ዛፉንም ቋሚውንም ማጣት ነው፤ በተለይ ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ምስጥ ባለበት።

ጥድን ካነሳን የወፍ ዋሻን ደን ሳላነሳ አላልፍም። ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስወስደው ዛሬ መናገሻ ሱባ በሚባለው ደን አስተከሉ ተብሎ ይነገራል፤ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። በወፍ ዋሻ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው እንደየከፍታው ተደራርቦ ታገኙታላችሁ፤ ከላይ አስታው። ከዚህ ደን እንጨት እናውጣ አልልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን መከልከሉ በቂ ምክንያት ነበረው። የምለው፣ ያረጁት ዛፎች ላይ ቅርንጫፍ ለማገዶ በመጥረቢያ እየተገመሰ ነው፤ በቁስሉ የሚገባው ፈንገስ የቆመውን ጥድ ልብ በልቶ ባዶ ቧንቧ ያደርገዋል። ከውጭ ግርማ ሞገሱ እንዳለ ነው። ውስጡ የለም። በየደብሩ ቅጥር ያሉትም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ዛፎች ትልቁ ዋጋቸው ዘራቸው ነው፤ አስተዳዳሪዎቹን አስፈቅዶ ከምርጦቹ ዘር መልቀም ለችግኝ ጣቢያ ሁሉ መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

ስለ አደራረቅ አጭር ነገር ልበልና ላብቃ። የደብረ ብርሃን የበጋ ነፋስና ፀሐይ እንጨት ያደርቃሉ ስንል እንኮራለን፤ ግን ከልክ በላይ ነው የሚያደርቁት። ውጪው ቶሎ ደርቆ ሲሰበሰብ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ላዩ ይሰነጣጠቃል። የነጭ ባሕር ዛፍ ጭረቶች ደግሞ ውሃው በፍጥነት ሲወጣ እርስ በርስ ይጨማደዳሉ፤ ጣውላው ወለል ላይ ሞገድ ይወጣል። መጀመሪያ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየድርብ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ደረቅ መለያያ እንጨት በየግማሽ ሜትሩ፣ ሁሉም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ፤ ከላይ ከባድ ነገር ጭኖ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ፈንገስ አይነካውም።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ገበሬ በልቡ "ማን ሊከፍለኝ?" እንደሚል አውቃለሁ። ልክ ነው። አጣና በቁጥርና በውፍረት ነው የሚሸጠው፤ የመለመለና ያልመለመለ እኩል ይከፈለዋል። ለልጅ ትምህርት ወይም ለዕዳ ገንዘብ የፈለገ ሰው 20 ዓመት ጠብቅ ቢባል ይስቃል፤ መሳቁም ተገቢ ነው። ስለዚህ አጣናውን ተዉ አልልም። ግን አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል መሬት ላይ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቢተከል ወደ 277 ዛፍ ይይዛል፤ ከዚያም አያስፈልግም፤ ከአጣናው ጎን፣ ከድንበሩ ላይ ሃምሳ ወይም መቶ ዛፍ ለብቻ፣ ተራርቆ፣ በጊዜ ተመልምሎ፣ ያለ ምስማር ቢቆይ ለልጅ የሚተርፍ ነው። እናንተ አናጢዎች ደግሞ በደንብ ለተያዘ ግንዲላ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉ። እስካልከፈላችሁ ድረስ ስለ ጥራት የማማረር መብት ያላችሁ አይመስለኝም።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን ላንሳ።

አንድ አባት "ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውስ ጣውላ ይወጣዋል?" ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ ለአጣና ከችግኙ ይበልጣል፤ ሥሩ አስቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። ለጣውላ ግን አይመከርም። ቡቃያው ከጉቶው ጎን ስለሚወጣ እግሩ ጎባጣ ነው፤ የጉቶው ብስባሽም ወደ ሥሩ ይሄዳል። ቢሆንም ካቆዩት በዓመት በዓመት ተኩሉ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይተዉ፤ የሚተዉትም ዝቅ ብሎ ከጉቶው ጋር በደንብ የተያያዘውን ይሁን። ጉቶውንም ከመሬት ከአንድ ስንዝር ባነሰ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገው ይቁረጡት።

አንድ ተማሪ "ቀለበቱን ቆጥሬ የዛፉን ዕድሜ ማወቅ እችላለሁ?" አለ። ዝናብ አንድ ወቅት ብቻ በሚዘንብበት አካባቢ የጥድ ቀለበት ዓመትን ይነግራል። እኛ ግን በልግም ክረምትም አለን፤ ዛፉ በልግ ላይ ተነስቶ፣ ደረቅ ሲሆን ቆሞ፣ ክረምት ላይ እንደገና ሊነሳ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ያደርጋል። በልጉ ሲቀር ደግሞ አንድ ብቻ። ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ቀለበቱ ራሱ በደንብ አይታይም። የተተከለበትን ዓመት የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ ከቆጠራው ያ ይታመናል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የቤት ዕቃ የምትሠራ እህታችን ናት፤ "መሰንጠቂያ ቤት ገብቼ በዓይኔ ብቻ እንዴት ልለይ?" አለች። እህቴ፣ መጀመሪያ ጫፉን እዪ፤ እምብርቱ ጣውላው ውስጥ ካለ ተዪው፤ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ጣውላውን በቁመቱ ወደ ዓይንሽ አቅርበሽ ጠርዙን ተመልከቺ፤ እርጥብ ሳለ የጎበጠ ሲደርቅ አይቃናም። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በእጅሽ መዝኚ፤ እርጥበታቸው እኩል ከሆነ ከባዱ ይሻላል። ከዚያ ላዩ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች ተከተዪ፤ ስንጥቅ ጭረቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በ10 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ከሸሸ ለወንበር እግርም ለአልጋ ጎንም አይሆንሽም፤ ክብደት ሲያርፍበት በዚያው መስመር ይላቀቃል። ለመሳቢያ ወለል ውሰጂው፤ ዋጋውንም አስቀንሺ።